አልቅሶ የሞተ ወይን የለም

ጠዋት ባጃጄን አስነስቼ ልወጣ ስል ተደወለ። «እትዬ አስካለ አረፉ።»

የትኛዋ አስካለ አልኩ፣ ሸዋ ሮቢት ሌላ አስካለ እንዳለች ሁሉ። ስልኩን ዘግቼ ሁለት ተሳፋሪ ጫንኩ። አላመንኩማ።

ለማታውቋቸው፣ ጎረቤቴ ናቸው። የሰፈሩን የጓሮ ወይን ሁሉ የሚገርዙት እሳቸው ነበሩ። ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይብስ ነበር።

የእኔን ወይን መጀመሪያ ሊያዩልኝ ሲመጡ፣ አሳዝኖኝ ረጃጅሙን ሐረግ ሁሉ ሳልቆርጥ ትቼው ነበር። «ቅጠል ካማረህ ጎመን አትተክልም ነበር?» ብለው ከስንዝር በላይ አላስተረፉልኝም። ከተቆረጠው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ደነገጥኩ።

«ያልቅስ» አሉኝ። «አልቅሶ የሞተ ወይን የለም።»

እውነታቸውን ነው። በዓመቱ ዘለላው ጭንቅላቴን እየመታ መተላለፊያ አሳጣኝ።

ዘንድሮ የስኳር በሽታቸው እግራቸው ላይ ወጣ። ቁስሉ አልድን አለ። ሐኪሙ እግሩ ካልተቆረጠ አይተርፉም አለ፤ እሳቸው «በሁለት እግሬ እሄዳለሁ» ብለው እምቢ አሉ። ልጃቸው ሰናይት «አንተን ይሰሙሃል፣ ምከርልኝ» አለችኝ።

እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ጠያቂ በሞላበት «እትዬ፣ ይቆረጥ፣ ያልቅስ የሚሉት እርስዎ አይደሉ?» አልኳቸው። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ከትራሳቸው ቀና አሉ። «እኔ ወይን ነኝ? መልሼ አቆጠቁጣለሁ?»

ከዚያ «ውጣ» አሉኝ።

ወጣሁ። ጥፋቱ የእኔ፣ ኩርፊያውም የእኔ። ሁለት ወር ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥኩም። በየቀኑ ግን በበራቸው አልፋለሁ።

ዛሬ ተሳፋሪዎቹን አድርሼ ግቢያቸው ስገባ የእድር ሰዎች ድንኳን መትከያ አጥተው ቆመዋል። የእሳቸው የራሳቸው ወይን ግንድ ግቢው መሀል ነው። ይነሳ ተባለ። ሰናይት መጋዙን አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ መቁረጥ ታውቅበታለህ» አለች። ዓይኔን አላየችም።

ከሥሩ ቆረጥኩት። ድንኳኑ ተተከለ። ጉቶው ግን ይኸው እስካሁን ውሃ ያወጣል፤ የለቀስተኛው እግር ሥር ረጥቧል። አንድ ሽማግሌ ማነው ውሃ የደፋው ብለው ተቆጡ። እኔ ነኝ አላልኩም።

እትዬ፣ ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ሁለት ወር ነበረኝ፣ አንድ አጥር ነበር የሚለየን።

ደህና ይሂዱ እትዬ አስካለ። እንዳሉት፣ በሁለት እግርዎ።