ሰፈሩ ፍርድ ቤት የሄደ ዕለት

ጀሪፍ የሚሉት ሰፈር የገባሁት ከኮምቦልቻ ወጥቼ ካርቱም በደረስኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል አከራዩኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጃ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ያ ቢቲ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አምስት ልጆች ያሳደጉት ከቤታቸው ጀርባ ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠባብ ማሳ ላይ ነበር። ሽንኩርት፣ ሙሉኪያና ጀርጂር የሚሏቸውንም ቅጠሎች ይተክላሉ፤ ውሃው ዳር አማታቸው የተከሏቸው የሎሚ ዛፎች ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ማሳው ላይ ጥቁር ደለል ይተዋል። ሐጃ ደለሉን በባዶ እግራቸው እየረገጡ፣ ይኸው አፈራችሁ መጣልን እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

እኔ የምሠራው ዐማራት በሚሉት የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ቤት ነው። ጠዋት በአውቶቡስ ሄጄ፣ ምሳ አቅርቤና ዕቃ አጥቤ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። ዓርብ ዕረፍቴ ነው። የቤቱ እመቤት ክፉ ሰው አልነበረችም። ታይፎይድ በያዘኝ ጊዜ በራሷ መኪና ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። ባሏን ሙዲር እንለዋለን፣ ሥራ አስኪያጅ እንደማለት። የምን ሥራ አስኪያጅ እንደሆነ ግን ለብዙ ጊዜ አላወቅኩም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ጀሪፍ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የአንድ ኩባንያ ሰዎች ችካልና ገመድ ይዘው ወንዙ ዳር ወረዱ። ሆቴልና ፎቅ ቤት ልንሠራበት መሬቱን ከመንግሥት ገዝተናል አሉ። የሰፈሩ ሰው እጅ ላይ ወረቀት የለም፤ ያለው አያት ያረሰውን አባት፣ አባት ያረሰውን ልጅ ማረሱ ብቻ ነው። ወንዶቹ ጠበቃ ይዘው ከሰሱ። ሴቶቹ ማሳው አፍ ላይ ሸራ ወጠሩና በተራ እየተቀመጡ መጠበቅ ጀመሩ። ተራውን የምትይዘው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች። ሴቶቹ እዚያው ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ሕፃን ያጠባሉ፣ ሐሜት ያወራሉ፤ ከሩቅ ለሚያየው ሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው። ዓርብ ዓርብ እኔም እሄድ ጀመር። አስተማሪዋ ለብቻዬ ጠርታ፣ ፖሊስ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያነሣው አንቺን ነውና ብትቀሪ ማንም አይቀየምሽም አለችኝ። የምኖረው እዚሁ ነው አልኳት። ያን ስል ደፋር የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ዓርብ የኩባንያው ሎደር መጣ። ሐጃ የሚቀመጡበትን ምንጣፍ ይዘው ተነሡና ከሎደሩ አካፋ ፊት አንጥፈው ቁጭ አሉ። እኛም ግራና ቀኝ ተደረደርን። ሾፌሩ ሞተሩን እያስጓራ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ አጥፍቶ ወረደ። ሐጃ ውሃ ሰጡት። ጠጥቶ ሲጨርስ እናቴ በእርስዎ ዕድሜ ናት አላቸውና ሎደሩን አዙሮ ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። በዚያ አገር እኛ የውጭ ሰዎች ከሻ የሚሉትን አፈሳ ፈርተን ግድግዳ ታክከን ነበር የምንሄደው። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ በመንገዱ መሐል ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቢሆን ነው። አንድ እሑድ ሙዲር እንግዶች ይዞ መጣ። ምሳው ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ዘረጉ። ሻይ ልቀዳ ጎንበስ ስል ዓይኔ አንድ ቃል ላይ አረፈ። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስለቀራሁ የዓረብኛ ፊደል አነባለሁ፤ እነሱ ይህን አያውቁም። የተጻፈው ጀሪፍ ይላል። የወንዙም መታጠፊያ የእኛው መታጠፊያ ነው። ሙዲር ሲያስረዳቸው ሰማሁ። ረቡዕ የሰፈሩ ሰው ክስ ይሰማል፤ ሽማግሌውም ሴቱም ፍርድ ቤት ስለሚውል ሸራው ሥር ማንም አይኖርም፤ ሎደሮቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ ሰዎቹ እስኪመለሱ አጥሩ ይቆማል። አንዱ እንግዳ ቀና ብሎ ሲያየኝ ሙዲር «ስለ እሷ አታስብ» አለውና ስኳር እንድጨምርለት ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

በዚያ ሳምንት ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሊታደስ ሙዲር ቢሮ ገብቶ ነበር። ወሬው ከወጣ ሻይ ስቀዳ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ማን እንዳወጣው ለማወቅ አይቸገሩም። ከእኔ በፊት እዚያ ቤት የሠራች የደሴ ልጅ የወረቀቷ ጊዜ ሲያልፍ በአፈሳ ተይዛ ድንበር ላይ መጣሏን ሰምቻለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ጀሪፍ ደረስኩ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሲመሽ ማክሰኞ አልኩ። እኔ ሳልታወቅ በሌላ ሰው አፍ ለአስተማሪዋ ማስነገርም ይቻል ነበር፤ ይህ ዘዴ ትዝ ያለኝ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ምናልባትም ቀድሞ ትዝ ብሎኝ አባርሬው ይሆናል።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሐጃ ሁለት ቶብ አልጋቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ቶብ የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉት ረጅም ልብስ ነው። ዳኛ ፊት የትኛው ይሻለኛል ብለው ጠየቁኝ። ነጩን አልኳቸውና ተቀብዬ ተኮስኩላቸው። አንዱን ቦታ ደጋግሜ ስተኩስ አይተው ምን ሆነሻል አሉኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኳቸው። ለእኔ መድኃኒት ፍለጋ መሳቢያቸውን መበርበር ሲጀምሩ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ።

ረቡዕ ሥራ ገባሁ። ወለል ወለወልኩ፣ ሩዝ ለቀምኩ። ስመለስ ከቤታችን ጀርባ ወንዙ አይታይም፤ የቆርቆሮ አጥር ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። ሎሚዎቹ ከነሥራቸው ተነቅለው መንገድ ላይ ተጥለዋል። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ አራዝሞ መልሷቸው ነበር። ሐጃ በነጩ ቶብ እንደቆሙ ያገኙትን ሰው ሁሉ፣ ማንም አልነበረም ወይ፣ አንድ ሰው እንኳ፣ እያሉ ይጠይቃሉ። እኔንም ጠየቁኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ አልኳቸው። ሙዲር ስለ እኔ ለእንግዳው የተናገረው ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ሴቶቹ ሸራቸውን ከአጥሩ ውጭ ወጥረው ጥቂት ወራት ተቀመጡ፤ ቁጥራቸው ግን እየሳሳ ሄደ። እኔ ዓርብም ሥራ ጀመርኩ ብዬ ቀረሁ። አስተማሪዋ ሰላምታ ትልክልኝ ነበር። ኢቃማዬ ታደሰ። እመቤቲቱ ራሷ አምጥታ እጄ ላይ ስታስቀምጠው እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ።

ለሐጃ የነገርኳቸው ከዓመት በኋላ፣ ቡሪ በሚባል ሌላ ሰፈር ቤት አግኝቼ ልለቅ ስል ነው። ዕቃዬን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ አልጋቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩና የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«መቼ ነው የሰማሽው?» አሉኝ።

«እሑድ።»

«እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ» አሉ ለራሳቸው። «ከእኔ ጋር ራት በልተሻል።»

«ፈርቼ ነው ሐጃ። ደግሞም ብነግራችሁ ታስቆሙት ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ።»

«ምናልባት አናስቆመውም ነበር» አሉ። «ግን እዚያ እንሆን ነበር። ሰው እንደሌለበት ቤት አይገቡብንም ነበር።»

አልረገሙኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉኝም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ለውዱእ ውሃ እንዳፈስላቸው ጠየቁኝ። መጀመሪያ እጃቸው ላይ፣ ኋላም እግራቸው ላይ አፈሰስኩ። ሰግደው ሳይጨርሱ ዕቃዬን የሚወስደው ባጃጅ በር ላይ ጡሩምባ ነፋ፤ ወጣሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሙዲርና ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአገር ወጡ። ሆቴሉ ምሰሶው ብቻ ቆሞ ቀረ ሲባል ሰማሁ። እኔም በገዳሪፍ በመተማ አድርጌ ኮምቦልቻ ገባሁ፤ አሁን የምኖረው እህቴ ቤት ነው። ባለፈው የሐጃ ትልቋ ልጅ ስልኬን ከሰው አግኝታ ደወለችልኝ። እናቷን ይዛ ሸንዲ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግታለች። እናቴ ሁልጊዜ ታነሣሻለች፣ ምን ብናስቀይምሽ ነው እንዲህ የጠፋሽው አለችኝ። ያኔ ነው ሐጃ ለልጆቻቸው እንኳ እንዳልነገሩ የገባኝ። ቢነግሩብኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከቤታቸው ተፈናቅለው፣ የእኔን ጉድ ለብቻቸው ይዘው መኖራቸው ከሁሉ ከበደኝ።

ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው። ጆሯቸው ደክሟል። አገባሽ ወይ አሉኝ። አላገባሁም አልኳቸው። ኢንሻአላህ አሉ። ልላቸው የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ግን እንዲሰሙኝ መጮህ ነበረብኝ፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ እህቴና ልጆቿ አሉ። ጤና ይስጥዎት ብዬ ዘጋሁት።