«የት አደርክ?» የተባለው ካፒቴን

አባቴ ዛሬ ጠዋት ቦሌ ላይ አንድ ካፒቴን አስቁሞ «ልጄ፣ ሌሊቱን የት አደርክ?» አለው።

ካፒቴኑ ሻንጣውን እንደያዘ «ሰማይ ላይ፣ አባባ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ፣ አባዬ በአካል አይቷት የማያውቃትን የልጅ ልጁን ይዛ ከሴኡል ትመጣ ነበር። ትናንት «ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በግማሽ ቀን ይደርሳሉ» ብዬ አስረዳሁት።

አባዬ ጡረታ የወጣው ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌርነት ነው። እሱ በሚያውቀው ደንብ፣ ሲመሽ አውቶቡስ ይቆማል፣ ተሳፋሪ አልጋ ይይዛል፣ ሲነጋ ጉዞ ይቀጥላል።

«ሌሊቱን ሙሉ ሊነዳ?» አለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

«አባዬ፣ አንተ ተኛ።»

«ሾፌሩ ሲተኛ እተኛለሁ።»

ልደታ ባለው ቤታችን፣ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለ ነጋ።

እና ዛሬ ሕፃኗን እንዳቀፈ ምርመራውን ቀጠለ። «እንቅልፍ አልያዘህም?»

«በፈረቃ ነው የምናርፈው። ትንሽ ተኝቻለሁ፣ ረዳቴ ይዞልኝ።»

«ለረዳት መሪ ሰጠህ?!»

እህቴ ወደ ጣሪያው አየች። አባዬ የሕፃኗን ጣቶች አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ። ሁሉም አሉ።

«ይሁን። በደህና አምጥተህልኛል፤ መንገድህ ሁሉ ይቅና።»

ካፒቴኑ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ተመረቀ።

አሁን ቤት ገብተናል። ሕፃኗ ዓይኗን አፍጥጣ ጣሪያ ታያለች። አባዬ ሶፋው ላይ ያንኮራፋል። ሾፌሩም ቤቱ ገብቶ ተኝቷል ማለት ነው።

እናንተ ቤትስ፣ መንገደኛ እስኪገባ ሳይተኛ የሚያድረው ማነው?