አርባ ምንጭ ላይ የደበቅነው

አባቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ቆሞ ሠርቷል። ቆሞ የምለው ማሽኑ ተቀምጠው የሚሠሩት ስላልሆነ ነው። ጡረታ የወጣ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሰጡትን የግድግዳ ሰዓት ሳሎን ሰቀለና ሁለት ሳምንት ተኛ። አልታመመም። እናቴ ምሳ ስታቀርብ ይነሳል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሲነሳ ግን ከመተኛቱ በፊት ከነበረው የባሰ የደከመ ይመስለኝ ነበር። ኮልፌ ደግሞ ለጉልበት የሚመች ሰፈር አይደለም። ከተራራው የሚወርደው ብርድ ሌሊቱን ቤታችን ይገባና እስከ ረፋድ ድረስ አይወጣም።

የሚያነቃው የዳማ ጨዋታ ብቻ ነበር። አራት ጓደኛሞች ናቸው። አንደኛው አባቴ ነው። ሁለተኛው የአጥር ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ። በጨርቅ ንግድ የኖሩ ሰው ሲሆኑ ሱቁን ለልጃቸው ካስረከቡ በኋላም በሩ ላይ መቀመጥ አልተዉም፤ ዳማውም የሚካሄደው እዚያው በር ላይ ነው። ሦስተኛው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ ኋላ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከሰፈራችን የወጡ ሰው ናቸው። አራተኛው መምህር ናቸው። ሁለቱንም ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህ ግን እንዳይምታቱ ሹፌሩና መምህሩ እላቸዋለሁ።

መምህሩ ጡረታ እንደወጡ በአስማቸው ምክንያት አርባ ምንጭ ሄደው እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየደወሉ የቀሩትን ያናድዷቸዋል።

"እናንተ እዚያ ተጨማደዱ! እኔ በካናቴራ ማንጎ ሥር ነኝ።"

"ማንጎው ራስህ ላይ ይውደቅብህ" ይሏቸዋል ሹፌሩ።

አንድ ሳምንት እሳቸው ዘንድ እንሂድ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ሐጂ ናቸው። አባቴ ላለመሄድ ሃያ ምክንያት ነበረው። ሐጂ ግን ቀኑን ቆረጡ፣ የሹፌሩን አሮጌ መኪና ጋራዥ አስገብተው አስፈተሹ፣ ለራሳቸውም የፀሐይ ባርኔጣ ገዙ። ጉዞው አሥር ቀን ሲቀረው ሐኪማቸው ልባቸውን አይቶ ረጅም መንገድ ከለከላቸው።

አባቴና ሹፌሩ እንግዲያው ይቅር አሉ። ሐጂ ተቆጡ።

"እኔን ስትጠብቁ ሁላችሁም ታልቃላችሁ። ይህች ልጅ ፈተና ጨርሳለች፣ ከስታለች። በእኔ ቦታ ትሂድ።"

"ዳማ ትችላለች?" አሉ ሹፌሩ።

"ከአባቷ አታንስም። ከአባቷ ማነስ እኮ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።"

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተሬን ገና መጨረሴ ነበር። ሴሚስተሩን ሙሉ ለሁሉም ሰው እሺ ስል ነው የከረምኩት፤ ለመምህራን፣ ለዶርም ጓደኞቼ፣ የቡድን ሥራቸውን ለእኔ ትተው ለሚጠፉት። የምፈልገው መተኛት ብቻ ነበር። ሐጂ ግን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፤ እሺ አልኩ።

እሑድ በጠዋት ከአየር ጤና ተነስተን በዓለም ገና በኩል ወረድን። አባቴ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከፊት ተቀምጧል። ቡታጅራ ላይ ካፖርቱን አወለቀ፣ ሶዶ ላይ ሹራቡን። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የመምህሩ ግቢ ስንደርስ ካልሲውንም አውልቆ በባዶ እግሩ አፈሩ ላይ ቆመ።

"ምን ሆንክ?" አሉት መምህሩ።

"ይሞቃል" አለ አባቴ፤ መሬቱን ማለቱ ነው።

ሰኞ ሐይቅ ሄድን። መምህሩ መንጠቆ አወጣጥና አጣጣል አስተማሯቸው። እስከ ምሳ ድረስ ሹፌሩ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ሲይዙ አባቴ የሳር ጉንጉን ያዘ። ከሰዓት ጫካው ውስጥ ወዳሉት ምንጮች ወርደን አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እግሮቹ ሠላሳ አራት ዓመት ፀሐይ ያላያቸው፣ ነጫጭ ናቸው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ልጄ፣ ጉልበት እንዳለኝ ረሳሁት እኮ" አለኝ። አባቴን ድካም የሌለበት ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ እራት ላይ ለሐጂ ደወሉላቸውና ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከሳህኖቹ መሐል አስቀመጡት።

"ስንት ዲግሪ ነው?" አሉ ሐጂ።

"ሠላሳ አምስት!"

"ትዋሻላችሁ።"

"ላብ በስልክ የሚላክ ቢሆን ኖሮ እልክልዎት ነበር" አሉ ሹፌሩ።

ሐጂ እየሳቁ ማን ስንት ዓሣ እንደያዘ፣ ውሃው ይቀዘቅዝ እንደሆነ፣ እኔ መብላቴን ሁሉ ጠየቁ። ለስላሳ ነበር ድምፃቸው፤ ትንሽ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ማክሰኞ ጠዋት አባቴና ሹፌሩ ዳቦ ሊገዙ እንደወጡ እናቴ ደወለች። መምህሩ ከጓሮ ሙዛቸውን ያጠጣሉ።

"አባትሽ አጠገብሽ አለ?"

"የለም።"

"ሐጂ አረፉ። ለንጋት ሶላት ሊነሱ ሲሉ ነው አሉ።"

መቀመጫ ፈልጌ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። እናቴ አላለቀሰችም፤ አልቅሳ ጨርሳ ነው የደወለችው።

"ቀብሩ ዛሬ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው። ቢበርም አይደርስም። ስለዚህ እንዳትነግሪው።"

"እማዬ፣ እንዴት አልነግረውም?"

"መርዶ በስልክ አይነገርም። በመንገድም አይነገርም። ዓርብ ትመለሱ የለ? ቅዳሜ በጠዋት ሽማግሌዎቹ ቤት መጥተው በወጉ ያረዱታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያረፈው ሁለት ቀን ነው፤ ሦስቱን ቀን ደግሞ ይጨምርለት። አንቺ ፊትሽን ብቻ ጠብቂ።"

እሺ አልኳት።

አባቴ ዳቦውን ይዞ ሲገባ ገና ከበሩ፣ "ሐጂን በጠዋቱ እናናድዳቸው እስቲ፣ ስልኬን አቀብይኝ" አለ። እማዬ ደውላ ነበር፣ ሐጂ ለቀጠሮ ሐኪም ቤት ሄደዋል፣ ስልካቸውን ቤት ትተውታል አልኩት። ለአባቴ እንደዚያ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዋሽቼው አላውቅም። "እሺ፣ ከሰዓት" አለና ዳቦውን ቆረሰ።

ከሰዓት ግን አልደወለም። ረቡዕም ሐሙስም አልደወለም። ፈጣሪ የረዳኝ መስሎኝ አመሰገንኩ።

ፊትን መጠበቅ እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁሉም ሲስቁ እስቃለሁ፤ ማታ ጉንጬን ሲያመኝ ከሳቅ ይሆን ካለማልቀስ አላውቅም። ሙቀቱ ይከብደኝ ጀመር። ሐይቁ ዳር ሆኜ አባቴን ሳየው አሁን ብነግረው የሚል ሐሳብ ይመጣና፣ ምንጩ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠውን ሳስታውስ እተወዋለሁ። ያን ፊቱን የምወስድበት እኔ ልሆን ነው? ደግሞም ለጓደኛው ሳያለቅስ ዓሣ እንዲያጠምድ የማደርገውም እኔው ነበርኩ። ሁለቱም የእኔ ጥፋት ይመስሉኝ ነበር።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን የባሰባቸው ይመስል ነበር፤ በደስታ ማለቴ ነው። ሹፌሩ መኪና ውስጥ ድምፃቸው እስኪሻክር ይዘፍናሉ። መምህሩ ለአራት ሰው የአሥር ሰው ዓሣ ይጠብሳሉ፣ "ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ" ይላሉ፣ ራሳቸው ግን አይበሉም። ዳማው ላይ አባቴ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ።

"የምትጫወተው አንተ ነህ ወይስ ወንበሩ?" አሉት ሹፌሩ።

"ሙቀቱ ነው" አለ አባቴ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የመሰለ ሽንፈት ላይ አንዱ "ሐጂ ይህን ቢያዩ" ማለቱ አይቀርም ነበር። ማንም አላለም። እኔ ስማቸው ባለመነሳቱ ተንፈስ ከማለት በቀር ምንም አላሰብኩም። ሐሙስ ማታ መምህሩ አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ልጠይቅ አሰብኩ፣ አብሬያችሁ ልሂድ ብለው ትንሽ ቦርሳ ሲያዘጋጁም አልገባኝም።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ በመንገድ ዋልን። ሹፌሩ አልዘፈኑም። ሁላችንም የደከመን መስሎኝ ነበር። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አየር ጤና ስንደርስ መንገዱ በሚኒባስ ተዘግቶ ቆምን። ረዳቶቹ የየሰፈሩን ስም ይጮኻሉ። ሹፌሩ እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ፣

"የእኔ ቤት ቅርብ ነበር። ማንን ላስቀድም?" አሉ።

"ቀጥታ ሐጂ ቤት ንዳ" አለ አባቴ።

ለምን ብለው ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቁም። መምህሩ አጠገቤ ሆነው ቦርሳቸውን ከፈቱና ነጠላቸውን አወጡ።

"አባዬ" አልኩ።

ወደ እኔ አልዞረም። "አውቃለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ነው የሰማሁት። የእድራችን ሰው የድንኳኑ ማስቀመጫ ቁልፍ የት ነው ብሎ ደወለልኝ። ለማን ነው ስለው ደነገጠ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?" አሉ ሹፌሩ።

"አንተስ?"

"እኔን ባለቤቴ በዚያው ጠዋት ነገረችኝ። ዳቦ ቤቱ ጋ፣ አንተ ተራ ስትጠብቅ። ጉልበቴን ረሳሁት እያልክ እንዴት ልንገርህ?"

"እኔም ሰምቼ ነበር። እንግዶቼን ቤቴ አምጥቼ መርዶ አላበላም ብዬ ነው" አሉ መምህሩ።

ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሩ። "እና ያን ሁሉ ዘፈን የዘፈንኩት ለማን ነበር?"

ከኋላችን የቆመው ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ።

"ዓሣውን የፈለገው ሰው አልነበረም ማለት ነው" አሉ መምህሩ በቀስታ።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ እጁን በወንበሩ ጎን አሳልፎ ጉልበቴን ያዘኝ።

"አንቺን ስትስቂ አየሁሽ" አለ። "ከፈተናው ወዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር። ካወቀች ይቋረጥባታል አልኩ።" ቀጥሎም፣ "አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ረቡዕ ማታ እዚህ ነበርን። ሐዘኑ ላይ እንቀመጥ ነበር" አለ።

ኮልፌ ስንደርስ ድንኳኑ ተነስቷል። የሐዘኑ ሦስት ቀን ትናንት አልቋል። መንገዱ ላይ የቀሩት ካስማው የተነቀለባቸው ጉድጓዶችና የተረገጠ ቄጤማ ናቸው። የሐጂ ልጅ የሱቁን በር ሊዘጋ ሲል አየንና ወደ እኛ መጣ። አቅፎ ሳማቸው፤ እቅፉ ግን አጭር ነበር።

የሐጂ ባለቤት ምንጣፉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊታቸው ሲቀመጡ የአባቴ ጉልበት ሲንቋቋ ሰማሁት። እናቴም ድምፃችንን ሰምታ በጓሮ በር ገብታ ነበር፤ አባቴን ስታይ ፊቷ ላይ ጥያቄ ነበር፣ ማን ነገረው የሚል።

ባለቤታቸው ቀድመው ተናገሩ።

"አይዟችሁ። ሳትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? ሚስትህ ነግራኛለች፣ እንዳይነገርህ ያደረግነው እኛው ነን። ማንም አልተቀየማችሁም።"

መውጫው ተዘጋጅቶለታል። ዝም ቢል ጉዳዩ ያልቅ ነበር። እናቴ ዝም እንዲል በዓይኗ ትለምነዋለች። ሹፌሩ የምንጣፉን ክር ይነካካሉ።

"ሰምቼ ነበር" አለ አባቴ።

የሐጂ ልጅ ከበሩ ቀና አለ።

"ማክሰኞ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሰምተናል። አንዱ የአንዱን ደስታ እንዳያበላሽ ብሎ ዝም አለ። እዚያው ተቀምጠን ዳማ ስንጫወት ነበር። ሐጂ ለእኔ እንዲህ አያደርጉም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ልጃቸው ወጥቶ ሄደ፤ የሱቁ ቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ ተሰማ። ሴትየዋ ሻሻቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡም ባልፈረድኩባቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

"ሰኞ ማታ ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ ቁጭ ብሎ ሲስቅ ቆየ። ምን አሉህ ስለው፣ ነገ እነግርሻለሁ፣ አሁን ደከመኝ አለ።" ወደ አባቴ ዞሩ። "ምን ነበር ያላችሁት?"

አባቴ ጓደኞቹን አየ። ከዚያ ስለ ሰኞ ነገራቸው። መንጠቆው ሳር ሲያወጣ፣ ሹፌሩ በሁለት ዓሣ ሲኮሩ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ድንጋይ፣ ላብ በስልክ። አንዳንዱን ሹፌሩ ይጨምሩለታል፣ አንዳንዱን መምህሩ ያርሙታል። ሴትየዋ አንዴ ፈገግ አሉ። ስለ ሌሎቹ ቀናት አልጠየቁትም፤ እሱም አልነገራቸውም።