ምክትሏ

የልጄን መሸኛ ላወጣ ሄጄ፣ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ነው ያየኋት። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የምታንቀሳቅሰው ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ናት። ጥቁር ቀሚሷ ላይ ጥቁር ሹራብ ደርባለች፤ አንገቷ ላይ ከመስቀሏ ጎን የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ዝንፍ ስለማትል ተማሪዎቹ በሌለችበት “ሰዓቷ” ይሏታል አሉ።

የሒሳብ መምህሩ መቅረቱን ሲነግሯት፣ “ክፍሉን እኔ እይዘዋለሁ” አለች። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ ሲሏት ራሷ ሄዳ ውሃውን ዘግታ፣ እጅጌዋ እየተንጠባጠበ ተመለሰች። መራሷን ያወቀችም አልመሰለኝ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ገብተው እጇን ያዙ።

“ልጄ፣ ባልሽን ከቀበርሽ ሳምንት እንኳ አልሞላሽም። ምናለ ትንሽ ቤትሽ ብታርፊ?”

“ቤት ምን እሠራለሁ፣ ሲስተር? እዚህ ደወል ሲደወል ቢያንስ የምሄድበትን አውቃለሁ።”

ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። ሲስተር ትከሻዋን ዳበስ አድርገው ወጡ።

ወዲያው የጥበቃ ሠራተኛው ብቅ አለ። ቀትር ላይ በጸሎት ቤቱ ለሟቹ ቅዳሴ ስለሚደረግ ወንበር እየደረደረ ነበር።

“እትዬ፣ ከፊት ለቤተሰብ ስንት ወንበር ልተው?”

ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም መልስ የነበራት ሴት እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

“አንድ ይበቃል።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ይቅርታ፣ አስጠበቅኩዎት። የልጅዎ ስም ማን ነበር?”