በጀርባቸው የተጋደሙት ቁም ሣጥኖች

አናጢውን የሠፈሩ ሰው “ሚስማሬ” ይለዋል። ሥራ ላይ ሲሆን አምስት ስድስት ሚስማር በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እየመዘዘ ስለሚመታ፣ ሰላምታ እንኳ የሚመልሰው ራሱን ነቅንቆ ነው። “ሚስማሬ ጋ ሄዶ ወሬ የሚፈልግ ከድንጋይ ውሃ ይጭመቅ” እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አይከፋውም። ሠላሳ ዓመት በዚያው ግቢ፣ በዚያው መላጊያ፣ ሳይታመምም ሳይታማም መኖሩን ሲያስብ ፈጣሪውን ያመሰግናል።

በሽታው ወደ ከተማው በገባ ሰሞን የታመሙት አሥራ አንድ ነበሩ። ዘጠኙ ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ቴሌቪዥኑ ግን ስለ ዘጠኙ ትንፍሽ አላለም። ያንኑ አምቡላንስ፣ ያንኑ የሆስፒታል በር ከጠዋት እስከ ማታ እየደጋገመ ያሳያል። ሰዉም ወሬውን ተቀብሎ የራሱን ግምት እየጨመረበት ለጎረቤቱ ያቀብላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ካሜራ የያዙ ሁለት ወጣቶች ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። ሚስማሬ ትምህርት ቤት ያዘዘውን ሃያ አራት ረጃጅም ቁም ሣጥን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ቀለሙ ወደ ታች እንዳይወርድ በጀርባቸው አጋድሞ ፀሐይ ላይ ደርድሯቸው ነበር።

“አባት፣ ይሄ ሁሉ በአስቸኳይ ነው የታዘዘዎት?” አለ አንደኛው።

አፉን ሚስማር ሞልቶታል፤ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

“ገና ይጨመራል?”

አሥራ ሁለት ይቀረው ነበርና አሁንም ነቀነቀ። አመስግነውት ሄዱ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የምሳ ሰዓቱን ዜና ከተማው ሁሉ ሲያየው እሱ በር እየገጠመ ነበር። የሰማው ልብስ ሰፊዋ፣ የሴት ልጁ ጎረቤት፣ አፏን በሻርፕ ሸፍና ከግቢው በር ሁለት እርምጃ ርቃ ስትጠራው ነው።

“ልጅህን ምጥ ይዟታል። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ሆስፒታል አልሄድም ብላለች።”

ሚስማሮቹን እጁ ላይ ተፋ። “ለምን?”

“ለምን ትለኛለህ? ግቢህን በቴሌቪዥን አይታ ነዋ። ‘የሟቾች ቁጥር ተደብቋል፣ አናጢዎች እረፍት አጥተዋል’ ይላል። ለሆስፒታሉ የሬሳ ሣጥን እየሠራ እኔን እዚያው ሊልከኝ ነው አለች።”

ፅንሱ አግድም መተኛቱን የሆስፒታሉ አዋላጅ ካወቀች ሳምንት ሆኗታል። “ቤት ከወለደች ሁለቱንም እናጣለን፤ ምጡ እንደ ጀመራት ይዘዋት ይምጡ” ብላዋለች። የልጁ ባል ሾፌር ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ሌላ ከተማ ቀርቷል።

ሮጦ መስኮቷ ሥር ቆመ። “ልጄ፣ የትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ነው።”

“አባዬ፣ አንተ እንዳልጨነቅ ብለህ ትዋሻለህ” አለች እያቃሰተች። “እማዬ የሞተች ጊዜም ተኝታለች ነው ያልከኝ።”

ወደ ግቢው ተመልሶ ቫርኒሹ ያልደረቀውን አንዱን ቁም ሣጥን ተሸከመና ሦስት መንገድ አቋርጦ መጣ። ከፊቱ መስኮቶች እየተዘጉ ሄዱ። ባለሱቁ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ “ሚስማሬ፣ ማነው?” አለው። መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ አልነበረውም። ከኋላው አንዲት ሴት ዋይታ ጀመረች።

ከመስኮቷ ፊት አቆመውና በሩን ከፈተላት። ሦስት መደርደሪያ፣ ሁለት መስቀያ፣ በእርሳስ የተጻፈ “4ኛ ለ”።

“ይኸው፣ እይው። ሬሳ መደርደሪያ ምን ያደርግለታል?”

ከውስጥ ሳቅ ይሁን ማቃሰት ያልለየ ድምፅ ተሰማ። መቀርቀሪያው ተሳበ።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ክንዷን፣ እሱ ሌላውን ይዘው አደረሷት። ዶክተሩ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ አወጣ፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ሚስማሬ ኮሪደር ላይ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ ፈጣሪውን አመሰገነ። ቀና ሲል የወሊድ ክፍሉን አየ። ስምንቱም ሌሎች አልጋዎች እንደ ተነጠፉ ናቸው።

“የሉም?” አላት አዋላጇን።

“ከዜናው ወዲህ የመጣች የለችም፣ አባባ። ዛሬ ስድስት ሴቶች እጠብቅ ነበር። ሁለቱ እንደ ልጅዎ ናቸው፤ ቤት መውለድ የለባቸውም።”

ኮሪደሩ ላይ ያለው ቴሌቪዥን በዚህ መሃል ሥዕል ቀየረ። አንድ ሰው ከመስኮት ሆኖ በስልክ ያነሳው ነው፦ አንድ ሽማግሌ ረጅም ሣጥን ተሸክሞ የልጁ በር ላይ ቆሟል። “አናጢው ለገዛ ልጁ” ይላል ከሥሩ።

ሚስማሬ ቆሞ አነበበው። “የሁለቱን ቤት ንገሪኝ” አላት።

ነገረችው፤ ወጣ። ልጆች የማይጫወቱበት፣ ሱቅ የተዘጋበት መንገድ ነበር። ገና የመጀመሪያው በር ሳይደርስ አንድ መጋረጃ ተገለጠ፤ አዩት፤ መጋረጃው ተመለሰ፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ ሲወረወር ሰማ።

ከንፈሩን በእጁ ዳሰሰ፤ ሚስማር የለበትም። አንኳኳና መናገር ጀመረ።