የእትዬ ሱኒታ ክር

ነሐሴ ተጋምሶ የልጃገረዶቹ በዓል የሶለል ከበሮ በቆቦ መንደሮች ሲመታ ስሰማ፣ ዛሬም ዕድሜዬን ረስቼ ጆሮዬን ወደ ጓሯችን እጥላለሁ። ከበሮው ገና ከሩቅ ሲሰማ ከሰው ሁሉ ቀድማ ደጃፏ ላይ ብቅ የምትለው እትዬ ሱኒታ ነበረችና።

እትዬ ሱኒታ ከባሏ ጋር ከህንድ የመጣችው እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ነበር። ባሏ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሊያስተምር ተመድቦ፣ አባቴም ጓሯችን ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይቷቸው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ይውል ነበር። ምን ያላየነው ነገር አለ! ገላዋን ሳትታጠብ ውኃ እንኳ አትቀምስም፤ ከታጠበች በኋላ የዝሆን ራስ ባለው አምላኳ ሥዕል ፊት በቅቤ የምትነድ ትንሽ መብራት አብርታ፣ ዓይኗን ጨፍና ታነበንብ ነበር። ከዚያ ደጃፏን ጠርጋ በዱቄት አበባ ትስልበታለች። እናቴ ሥዕሉን ያየች ዕለት አማትባ አለፈች፤ ዱቄቱን ስታይ ግን አላስቻላትም።

«ኧረ በማርያም! እህል መሬት ላይ ይደፋል?»

እትዬ ሱኒታ ፈገግ ብላ፣ በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ «ጉንዳን ይበላል፣ ወፍ ይበላል። እኔ በኋላ» አለቻት።

ሁዳዴ ሲገባ እናቴ ልቧ ተሸነፈላት። ሥጋ አትነካ፣ እንቁላል አትነካ፤ በጓዳዋ ወተት መጠጣቷን እናቴ ስላላየች፣ «ከቄሶቹ ትብሳለች!» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ፋሲካ ደርሶ የዶሮ ወጥ በሳህን ይዛላት ሄዳ፣ እንደያዘች ተመለሰች። «አልፈታችም! የዚች ሴት ጾም መቼ ነው የሚያልቀው?» ማታ ባሏ መጥቶ፣ ነፍስ አትሞትም፣ በሌላ ገላ ተመልሳ ትመጣለች፣ ስለዚህ እንስሳም ቢሆን አንገድልም፣ እግዚአብሔርም መልኩ ብዙ ይሁን እንጂ አንድ ነው ብሎ ቀስ እያለ አስረዳን። አባቴ አገጩን ይዞ ሰምቶ፣ «ምንጩ አንድ ነው፣ መቅጃው ይለያያል እያላችሁ ነዋ» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና «እኛ በመቅጃችን!» አለች።

ክረምት ሲገባ ከአገሯ ደብዳቤ መጣ፤ አንድ ያላት ወንድሟ ሞቶ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሦስት ቀን አብራት ተቀመጠች። ከዚያ ፍልሰታ ተፈቶ፣ የነሐሴ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ዕለት፣ ልጃገረዶቹ ከበሯቸውን እየመቱ ግቢያችን ሲገቡ እትዬ ሱኒታ ቀይና ቢጫ ክር ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። በአገሯ በዚያች ቀን እህት በወንድሟ ቀኝ እጅ ላይ ክር ታስራለች፤ እሱም ስጦታ ሰጥቷት፣ ዕድሜ ልኬን እጠብቅሻለሁ ብሎ ቃል ይገባላታል። ክሩን እንደ ልማዷ ገምዳ ስትጨርስ የምታስርበት እጅ አጣች።

አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ቀኝ እጁን ዘረጋላት። «አብሽሪ እቱ! እጅ ይጠፋል እንዴ?»

«አንተ ሰው! ባለ ማተብ ነህ እኮ!» አለች እናቴ።

«ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፤ ማን ነካው?»

እትዬ ሱኒታ እንባዋን ጠርጋ ክሩን አሰረችለት፤ ግንባሩን ቀይ ቀባችው፤ ጣፋጭም አጎረሰችው። የዚያን ማታ እናቴ ለአባቴ እራቱን አቀረበችለት እንጂ አላናገረችውም።

አባቴ ግን ወንድም ሆኖ ባዶ እጁን ሊሄድ ነው? ባሏ ያስረዳንን ረስቶት፣ በነጋታው ከገበያ አንድ ሙክት ጎትቶ መጥቶ፣ ሽማግሌዎች ጠርቶ፣ በሯ ላይ ቢላዋውን መሳል ጀመረ። እሷ ድምፁን ሰምታ ወጥታ ቢላዋውን ስታይ፣ ጮኻ የበጉ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያልታረደበት ዝምድና ምን ዝምድና ነው?» ብለው አጉረመረሙ። አባቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን እያየ ቀረ። ቢያርድ እሷ ክሩን ፈትታ ልትወስድበት ነው፣ ባያርድ ሰው ሊስቅበት ነው ብዬ ፈራሁ።

እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ከጓዳ ወጥታ ቢላዋውን ከእጁ ነጠቀችው። «በቃ! የአንዱ ወንድሟ እንባ ሳይደርቅ ሌላውን ልታሳጣት ነው? እህትህ አይታረድ ካለች አይታረድም!»

እህትህ አለች፤ ያቺ ማታ ያኮረፈችው እናቴ! አባቴ ሳቀ፣ እትዬ ሱኒታ አለቀሰች፣ ሽማግሌዎቹም ሽሮ በልተው መርቀው ሄዱ። ሙክቱ ግቢያችን ውስጥ ኖሮ ኖሮ፣ በራያ ቢላዋ ሳይነካው በእርጅና የሞተ ሙክት ቢኖር እሱ ሆነ።

እነ እትዬ ሱኒታ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ቢመለሱም ክሩ አልቀረም፤ በየዓመቱ በፖስታ ይመጣ ነበር። እሷን ተክታ ለአባቴ የምታስርለትም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እናቴ ነበረች። ያኔ ደብዳቤው ሁለት ወር ይፈጅ ነበር፤ አሁን የማስርለት እኔ ስሆን፣ እትዬ ሱኒታ ፀጉሯ ሸብቶ በስልኬ ውስጥ ሆና «ጠበቅ አድርጊው» እያለች ታዘኛለች። የባጃጁ ጥሩምባ ከበሮውን ሊውጠው ምንም አይቀረው። አባቴም አርጅቶ የእኔን ስም እንኳ ይረሳል፤ አንዳንዴ በእናቴ ስም ይጠራኛል። ከበሮው ግቢያችን ሲገባ ግን ማንም ሳያስታውሰው የቀኝ እጅጌውን ይሰበስብና፣ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።