ሂሳቡ እስኪገባ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ደብረ ብርሃን ቁርስ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። የክርስትና አባቴ ሚስት፣ እንደ እናቴ የማያቸው እማማ ፀዳለ፣ ሌሊቱን አርፈዋል።

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ድረስ» አለኝ ልጃቸው ታደሰ።

ሁለት ሰዓት ላይ በሚነሳው የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገድ ካልተበላሸ አምስት ተኩል ላይ እደርሳለሁ።

ድሮ ሂሳብ የሚሰበሰበው መኪናው እየሄደ ነበር። አሁን በስልክ ሆኗል። ከጣርማበር ወዲያ ደግሞ ኔትወርክ ይጠፋል። ስለዚህ ሾፌሩ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ ጉብታ ላይ ያቆማል፤ የሁሉም ሂሳብ እስኪገባ ንቅንቅ የለም። ረዳቷ ጠና ያለች ሴት ናት። «ባለፈው ሰዎች ከፍለናል ብለው ስልክ እያሳዩ ወረዱ፤ ብሩ ሳይገባ ቀርቶ ከደሞዜ ተቆረጠ» አለች። እውነቷን ነው።

ከጎኔ የነበሩት ቄስ ብሩን ሰጥተው ጨረሱ። ሌላው ግን... አንዱ የሚስጥር ቁጥሩን ረስቷል፣ አንዱ ለማያውቀው ሰው ልኮ ይጨቃጨቃል።

በመጨረሻ ሁለት እናቶች ቀሩ። የያዙት ድፍን ብር ነው፤ ረዳቷ ዝርዝር የላትም። እንዲፈጥንልኝ ብዬ «እኔ ልክፈልላቸው» አልኩና የሦስታችንን አንድ ላይ ላክሁ።

«ገባልሽ?»

«አልገባም።»

ከእኔ ተቀንሷል፤ እሷ ጋ አልደረሰም። ስልኬን አሳየኋት።

«ወንድሜ፣ እኔ አምንሃለሁ። ባለመኪናው ግን እኔን አያምነኝም።»

ታደሰ ጋ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ለቀብሩ ጠብቁኝ!»

«እንጠብቅሃለን» አለኝ። ከኋላው ለቅሶው ይሰማል።

ሁሉም «አሁን ይገባል» ይላል። አሁን፣ አሁን ሲባል ሰዓቱ ነጎደ። የቸኮልኩት እኔ፣ መኪናውን ሙሉ ያስቆምኩት እኔ። ወርጄ በእግሬ ልሩጥ አልኩ... የት ልደርስ?

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆምን በኋላ ቄሱ ብድግ አሉ። «ይኼ ልጅ እኮ ቀብር ነው የሚሄደው! እናዋጣለትና እንሂድ» አሉ። ሰዉ ከየኪሱ አወጣ። በደቂቃ ሞላ። ይህን ቀድሞ ያሰበ አልነበረም፤ እኔም ራሴ።

ስደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነው። ታደሰ አቀፈኝና ብዙ ቆየ።

«አርባ ደቂቃ አስቁሜያቸው ነበር» አለኝ። «ካህናቱ ሌላ ፍትሐት ነበረባቸው። አፈሩን ስንመልስ የአውቶቡሱን ጥሩንባ ሰማሁት...»

  መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ አፈሩን ዳሰስኩት፤ ገና እርጥብ ነው።

ከእንግዲህ ከቀብር ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ሳይ፣ «የት ቆይተህ ነው?» አልልም።